የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «እናቴ በእህቷ ስም ጠራችኝ»

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ቡናውን ትቆላና ጀበናውን ሳትጥድ ቁጭ ትላለች። ባለፈው ሳምንት በእህቷ ስም ጠራችኝ። ሐኪሙ አልዛይመር ነው ብሎናል። ለእኔም ይተርፈኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ «ጃጅታ ነው» ብለው ቤት ሳያስቀሯት ሐኪም ዘንድ ማድረስዎ ትልቅ ነገር ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርደው አልዛይመር ከመቶ ታማሚ አንዱን እንኳን አይሞላም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። በእናትዎ ዕድሜ የሚመጣው የብዙ ጂኖችና የአኗኗር ድምር ነው። ስጋትዎ ከሌላው ሰው ከፍ ሊል ይችላል፤ ተፈርዶብዎታል ማለት ግን አይደለም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ አንዳንድ ጂኖች በሴል ውስጥ «ማጓጓዝን» ያበላሻሉ ሲባል ሰማሁ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በነርቭ ሴል ውስጥ ብዙ ፕሮቲኖች በጥቃቅን ከረጢቶች ተጭነው ከክፍል ወደ ክፍል ይጓዛሉ። የታክሲ ተራን ያስቡ፤ ተራ አስከባሪው ከጠፋ መኪናው ሁሉ እዚያው ይቆለፋል። ሶርል1 የተባለው ጂን የሚያስገኘው ሶርላ የተሰኘ ፕሮቲን እንዲህ ያለ ተራ አስከባሪ ነው። ኤፒፒ የሚባለውን ፕሮቲን ኢንዶሶም ከተሰኘው መለያ ጣቢያ አንሥቶ ይመልሰዋል። ሶርላ ሲያንስ ኤፒፒ ጣቢያው ውስጥ ይቆያል። ጣቢያው አሲዳማ ነው፤ ኤፒፒን መቁረጥ የሚጀምረው ኢንዛይም ደግሞ የሚበረታው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሌላ ኢንዛይም ተከትሎ ሲቆርጠው ቤታ አሚሎይድ ይወጣል፤ በሽታው በስሙ የተጠራው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በሞት በተለየችው ታካሚው አንጎል ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያየው ክምችት ዋና ንጥረ ነገር ይኸው ነው።

ሶርል1 ከአልዛይመር ጋር ያለው ግንኙነት የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ፒካልምና ቢን1 የተባሉት ጂኖችም ወደ ሴሉ በሚገባው ጭነት ላይ ይሠራሉ። እኔን በጣም የሚያስገርመኝ፣ ክምችቱ ገና ሳይበዛ ኢንዶሶሞቹ አብጠው መገኘታቸው ነው። መጨናነቁ ቀድሞ ይጀምራል ማለት ነው፤ ተመራማሪዎችም መንገዱን የሚያስከፍት መድኃኒት እየፈለጉ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ውጭ አገር ያለ ወንድሜ የምራቅ የዘረመል መመርመሪያ ልኮልኛል። ልጠቀምበት?

መልስ፦ ምልክት ከሌለብዎ አልመክርም። የስጋት ስሌቱ የተሠራው በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዝርያዎች ላይ ነው። ዋነኛው የስጋት ጂን፣ አፖኢ4፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ያለው ጫና ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ወረቀቱ በከንቱ ሊያስደነግጥዎ ይችላል። የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና የጆሮዎን መስማት ያስመርምሩ፤ በእነዚህ ላይ የሚደርስ ችግር የበሽታውን ስጋት ይጨምራል፤ ግን ሊታከም ይችላል።