ከልጆች ጋር ወደ ማሳይ ማራ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ በነበረን የቀጥታ ስልክ ውይይት ከቤተሰብ ጋር ስለሚደረግ የሳፋሪ ጉዞ ብዙ አድማጮች ደውላችሁ ነበር። ሰዓቱ ስላልበቃ የመለስኩት ግማሹን ብቻ ነው። የቀረውን ጨምሬ፣ በአየር ላይ በጥድፊያ ያለፍኩትንም አስፍቼ እነሆ። ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ቤተሰቦችን ይዞ ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ፓርኮች መሄድ ነው። የራሴን ሁለት ልጆችም ይዤ ሄጃለሁ።

ከሲኤምሲ የደወሉ እናት፦ «ልጆቼ የ4፣ የ7 እና የ12 ዓመት ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ስምንት ቀን አለን። ናይሮቢ፣ አምቦሴሊ፣ ማሳይ ማራ፣ ሴሬንጌቲ፣ ከዚያ ዛንዚባር ብለን አስበናል። ቀኑ ይበቃናል?»

አይበቃም እህቴ። ከአምስቱ ሁለቱን፣ ቢበዛ ሦስቱን ይምረጡ።

ወቅቱን ግን በደንብ መርጠዋል። እኛ ጋ ክረምቱ ሲከብድ የኬንያ ደቡብ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሣሩ ያጥራል፣ እንስሳቱ ውኃ ወዳለበት ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ደግሞ ዋይልድቢስት የሚባሉት የቆርኬ ዘመዶች ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ሣር ፍለጋ ወደ ኬንያው ማራ ይገባሉ፤ የማራን ወንዝም አዞ እያደባባቸው ይሻገራሉ። የኛ ልጆች ዕረፍት ከዚህ ጋር መግጠሙ ትልቅ ዕድል ነው። ብቻ የሚሻገሩበትን ቀን ማንም አያውቀውም። «በዚህ ቀን ታያላችሁ» ብሎ ቃል የሚገባ ወኪል ካጋጠመዎ አይመኑት። መንጋው ወንዙ ዳር ሦስት ሰዓት ቆሞ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ሊመለስ ይችላል። ያንን ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ደግሞ የ4 ዓመቱ ልጅዎ ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ጉዞው በትንሹ ልጅ ልክ ይሰፋ። ከናይሮቢ ማራ በመኪና አምስት፣ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ማራና ሴሬንጌቲ ካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ለቱሪስት የተከፈተ መሻገሪያ ስለሌለ ኢሴባንያ በምትባለው የድንበር ከተማ በኩል ዞሮ መሄድ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። ስለዚህ ሴሬንጌቲንና ዛንዚባርን ለሌላ ዓመት ያቆዩዋቸውና ናይሮቢ አንድ ሌሊት፣ አምቦሴሊ ሁለት፣ ማራ አራት ሌሊት ይደሩ።

ናይሮቢ የምታድሩባት ለማረፍ ብቻ እንዳይመስልዎ። ከተማዋ ጥግ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውና በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ቀጭኔ ከነፎቁ አብሮ የሚታይበት ቦታ ነው። ግማሽ ቀን ይግቡና ትንሹ ልጅ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚችል ይዩ፤ የቀረውን ጉዞ በዚያ ያስተካክላሉ። አምቦሴሊ ለልጅ እጅግ ይመቻል፤ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ዝሆኖቹ ብዙ ናቸው፣ ቅርብም ይመጣሉ። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን ኪሊማንጃሮን ለማየት ማልዳችሁ ውጡ፤ ረፈድ ሲል ደመና ይሸፍነዋል።

ይህን ሁሉ የምለው ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። መጀመሪያ ልጆቼን ይዤ ስሄድ በስድስት ቀን አራት ፓርክ አዞርኳቸው። በአራተኛው ቀን አንዲት አንበሳ ከነግልገሎቿ ከመኪናችን ጥቂት ሜትር ርቃ ተኝታ እያለ፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ መኪናው ወለል ላይ ተቀምጣ የውኃ ኮዳ ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ቀና ብላም አላየች። በማግሥቱ ዕቅዱን ሰርዤ ካምፑ ግቢ ዋልን። እሷ እበት የምታንከባልል ጢንዚዛ አገኘችና ጉልበቷ አፈር እስኪሆን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከተለቻት። እስከ ዛሬ ስለዚያ ጉዞ ስትጠየቅ የምታወራው ስለ ጢንዚዛዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቤተሰብ ስይዝ፣ ሁለት ማለዳ ከወጣን ሦስተኛውን ልጆቹ ተኝተው እንዲያረፍዱ አደርጋለሁ።

ሎጁን ከመያዝዎ በፊት ስለ ዕድሜ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሌላ እንግዳ ጋር በአንድ መኪና እንዲሄድ አይፈቅዱም። እርስዎም ለብቻ መኪና ቢይዙ ይሻላል፤ ልጁ ሲያለቅስ መመለስ ይችላሉ። ዋጋ ሲነገርዎ ደግሞ የፓርክ መግቢያ የተካተተ መሆኑን ያረጋግጡ። በ2024 በወጣው ተመን ማራ ለውጭ ዜጋ አዋቂ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር፣ በቀሪው ግማሽ ዓመት 100 ዶላር ነው። አገራችን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የአባል አገራቱ ዜጎች የሚከፍሉት ዝቅተኛ ተመን እኛን አይመለከትም።

ከሜሪላንድ የደወሉ አባት፦ «እኔም ባለቤቴም አርባ ምንጭ ነው ያደግነው፤ ወባ ስንት ጊዜ ይዞን ተነሥተናል። አሁን አሜሪካ የተወለዱ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቀን ወደ ማራ እንቀጥላለን። ለልጆቹ ክኒን እንሰጣለን፤ ለኛ ግን ምን ያደርጋል?»

ወንድሜ፣ ከሁሉም ጥያቄ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው። በወባ ደጋግሞ የተያዘ ሰው ሰውነቱ በከፊል ይለማመዳል፤ ልምምዱ ግን ከወባማው አካባቢ ሲርቁ እየሟሸሸ ይሄዳል። ብዙ ዓመት ሜሪላንድ ከኖሩ በኋላ ያለዎት ከለላ ከልጆችዎ እምብዛም አይሻልም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰውም ያው ነው፤ ከተማዋ ደጋ ስለሆነች ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ማራም ሴሬንጌቲም ወባ አለባቸው። ስለዚህ አራታችሁም ትወስዳላችሁ።

የትኛውን እንደሚወስዱ ሐኪም ይወስን። ለመነጋገር እንዲረዳዎ ያህል፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አቶቫኮን ፕሮጓኒል ወደ ቦታው ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከቦታው ከወጡ በኋላም ለ7 ቀን ይቀጥላል። የልጅ መጠን የሚወሰነው በክብደት ነው፤ የአዋቂውን ክኒን ቤት ውስጥ በግምት እየገመሱ መስጠት አይገባም። ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለመከላከያ አይሰጥም። ክኒኑ ብቻውን አይበቃም፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ማታ አጎበር።

አሁን የምለውን ደግሞ እባክዎ ልብ ይበሉት። ሜሪላንድ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ከመካከላችሁ አንዱን ቢያተኩሰው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዳችሁ «ከኬንያ መጥተናል፣ የወባ ምርመራ ይደረግልን» በሉ። ካልነገራችሁት ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ወባ በልጅ ላይ በአንድ ቀን ልዩነት ይከፋል።

የቢጫ ወባ ክትባት ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙ ውስጥ ወባ ስላለ ክትባቱን የወሰደ ሰው ከወባም የዳነ ይመስለዋል፤ ሁለቱ በሽታዎች አይገናኙም። ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ ስትገቡ አንድ ዓመት ከሞላው ልጅ ጀምሮ ቢጫ ካርድ ትጠየቃላችሁ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። አንዴ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በአሜሪካ ፓስፖርት ለምትገቡት ደግሞ የኬንያን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ለየአንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ሙሉ።

ከሰሜን ሆቴል አካባቢ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ከነልጆቿ ኬንያ ልትወስደኝ ነው። ጊዜው ከፍልሰታ ጋር ገጠመ። እዚያ የጾም ምን አገኛለሁ? ብርዱንስ እችለዋለሁ?»

እማማ፣ በምግቡ አይስጉ። የኬንያ ማዕድ ጾመኛን ያውቃል፤ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን፣ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ የተቀቀለው ጊዜሪ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ቻፓቲ አለ። ልጅዎ ሎጁ ሲያዝ «ቪጋን» ብላ አስቀድማ ታስጽፍ። «ሥጋ አትበላም» ብቻ ከተባለ ወጥ ቤቱ እንቁላልና ቅቤ ያቀርብልዎታል፤ ለኛ ጾም እንደማይሆን አያውቁም። ሎጁ ከከተማ ሩቅ ስለሆነ በዕለቱ ቢነገራቸው ምንም ማድረግ አይችሉም። ቆሎና በሶም ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ይያዙ።

ብርዱ አለ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በተከፈተ ጣሪያ መኪና ሲሄዱ የማራ ነፋስ የእንጦጦን ያስታውስዎታል። ጋቢዎን ይዘው ይሂዱ፤ የልጅ ልጆችዎም አንድ ጋቢ ይኑራቸው። ካለ የቆየውን ያድርጉት፤ አቧራው ቀይ ነው፣ ነጩን ቶሎ አይለቅም። ረፋድ ላይ ተጣጥፎ መቀመጫ ይሆናል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልንገርዎ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሰዓት አንድ ይሉታል። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን በፈረንጁ ነው የሚሉት። ሾፌሩ ሲቀጥርዎ በየትኛው እንደሆነ ይጠይቁት። ደስም ይለዋል።

ከአዳማ በድምፅ መልእክት የላኩ አባት፦ «ሻንጣ ውስጥ ምን እንያዝ? ምንስ እንተው?»

ከሻንጣው እንጀምር። ከናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ወደ ፓርኮች የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ለአንድ ሰው የሚፈቅዱት አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ዕቃን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው። የሚፈልጉትም ለስላሳ የጨርቅ ሻንጣ ነው፤ ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አይገባም። በመኪና ብትሄዱም የጨርቁ ይሻላል።

ፌስታል ቤት ይቅር። እኛ ጫማውንም እርጥብ ልብሱንም በፌስታል ጠቅልለን መክተት ልማዳችን ነው፤ ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። የኬንያ ፓርኮች ውስጥ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የላስቲክ ውኃ ጠርሙስም ከ2020 ወዲህ አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ኮዳ ይግዙ። ዕቃ ለመለየት የጨርቅ ከረጢት ያሰፉ።

ልብስ ለአንድ ሰው ሦስት ቅያሪ ይበቃል፤ ሎጆቹ ያጥባሉ። ቀለሙ ቡናማ፣ የአፈር ዓይነት፣ ግራጫ ይሁን። ደማቅ ሰማያዊና ጥቁር የገንዲ ዝንብ ይጠራል፤ ለዚያ ነው የዝንቡ ወጥመድ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠራው። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ለልጅም ቢሆን አይያዙ፤ ኬንያ ውስጥ ሲቪል ሰው እንዲለብሰው አይፈቀድም።

ባይኖኩላርን በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ ይገዛና ቦሌ ላይ ይያዝበታል። ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣትና መግባት ችግር ስላለው፣ አስጎብኚው መኪናው ላይ እንዲያዘጋጅላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ድሮንም እዚህም እዚያም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ተውት።

ከዚያ ውጪ፣ ኬንያ ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለሦስት እግር ስለሆነ አዳፕተር፤ ለየልጁ የእጅ ባትሪ፤ ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ለምለም፤ ልጅ መኪና የሚያጥወለውለው ከሆነ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት። አንድ ወላጅ ብቻ ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ከሆነ የልደት ሰርተፍኬትና የሌላውን ወላጅ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

የ11 ዓመት ልጅ፣ ከአያት፦ «አንበሳ ድንኳን ውስጥ አይገባም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ ጎበዝ። ድንኳንህ ዚፑ ከተዘጋ አንበሳው እንደ ግድግዳ ነው የሚያየው፣ አልፎ ይሄዳል። ካምፑ አጥር ላይኖረው ስለሚችል ከመሸ በኋላ ብቻህን አትወጣም፤ ባትሪ የያዘ ጠባቂ አለ፣ እራት ቤት ድረስ እሱ ይወስድሃል። ድንኳን ውስጥ ምግብ አታስቀምጥ፤ ብስኩትም ማስቲካም። የሚያስቸግሩህ ዝንጀሮና ጦጣ ናቸው፣ ዚፕ መክፈት ይችላሉ። መኪና ላይ ደግሞ እጅህን አታውጣ፣ አትጩህ። ማታ ጅብ ሲጮህ ትሰማለህ፤ አገራችን ያለው ጅብ ራሱ ነው፣ ድምፁን ታውቀዋለህ።

ከሐዋሳ የደወሉ አባት፦ «የዶላሩ ነገር ለኛ የሚቻል አይደለም። ልጆቼን የት ልውሰድ?»

ሐዋሳ ሆነውማ ቅርብ ነዎት። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ስንቅሌ ይሂዱ፤ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው የስዌይን ቆርኬ የሚጠበቅበት ነው። ከላይ ያልኳቸው የማራ መንጋዎች ዘመድ ማለት ነው፤ ሜዳው ክፍት ስለሆነ ልጆቹ ሲሮጥ ያዩታል።

ለሦስት ቀን ከሆነ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ አድርገው ባሌ ይውጡ። ዲንሾ፣ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዙሪያ፣ የደጋ አጋዘን ከስካውት ጋር በእግር እየሄዱ ቅርብ ይታያል። ማራ ላይ ልጅ ከመኪና አይወርድም፤ እዚህ ግን ዱካ እየተከተለ ይሄዳል። ከፍ ብሎ ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታድን ለማየት ማለዳ መድረስ ያስፈልጋል። ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ልጁ ራሱን ካመመው ወይም ካስመለሰው ሳይቆዩ ወደ ጎባ ይውረዱ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ዝናቡ አያስኬድም። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ለልጆቹ ካልሲ ሁለት ሁለት ያድርጉላቸው።