እርሾውን ማቆየት፣ ትርፉን መድፋት
(ድሬዳዋ ውስጥ ሥልጠናቸውን ለጨረሱ የፍሳሽ ማጣሪያ ኦፕሬተሮች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ ልሥራ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሲሊንደሮች አሉ። በግራ ያለውን ዛሬ ጠዋት ከኤሬሽን ታንክ፣ ማለትም ፍሳሹ አየር ከሚነፋበት ገንዳ፣ በቀዳሁት ውሃ ሞላሁት። በቀኝ ያለውን ደግሞ ግማሹን በዚያው ውሃ፣ ግማሹን ተጣርቶ በወጣ ጥርት ያለ ውሃ። እናንተ ሰዓት ያዙልኝ። ሠላሳ ደቂቃ። እኔ ከዚያ በፊት እጨርሳለሁ። ካልጨረስኩ አስቁሙኝ።

«የተከበራችሁ» ምናምን የሚለውን ትቼዋለሁ። ድሬ አንቱታ አትወድም። ደግሞም አብዛኞቻችሁ ከሰኞ ጀምሮ ፈረቃ ትገባላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ባልደረቦች ነን።

ሥልጠናው ላይ ብዙ ነገር ተምራችኋል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝቃጭ፣ ማለትም ከፍሳሹ የሚሰምጠውን ባክቴሪያ የሞላበት ጭቃ፣ ስለማስወጣት።

ይህን ሥራ ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እናቴ ናት። ሊጥ ስታቦካ፣ ከላይ ከሚቀረው ቢጫ ውሃ ቀንሳ ለሚቀጥለው ታስቀምጣለች። እርሾ። ያለ እርሾ ሊጡ ቆሞ ያያችኋል። በእርሾ ግን ቶሎ ይነሳል። እዚህ ድሬ ሙቀት ላይማ ከደጋው በጣም ይፈጥናል፤ ከሸዋ የመጣች ሙሽራ መጀመሪያ የምትሸወደው በዚህ ነው።

ኤድዋርድ አርደርንና ዊሊያም ሎኬት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ይህንኑ ነገር ማንቸስተር ላይ አገኙት። በፈረንጆች አቆጣጠር 1914 ይፋ አደረጉት። ፍሳሽ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው አየር ይነፉበት ነበር። መጀመሪያ ላይ በደንብ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። ከዚያ ከላይ ያለውን ንጹሕ ውሃ ቀነሱና ግርጌ የቀረውን ዝቃጭ አልጣሉትም። አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። እንደገና አየር። እንደገና ቀነሱ፣ እንደገና ጨመሩ። በመጨረሻ ያ የአምስት ሳምንት ሥራ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልቅ ሆነ። ዛሬ አክቲቬትድ ስላጅ የምንለው ይሄው ነው። እናቴ ብትሰማ «ለእርሾ ነው ይህ ሁሉ?» የምትል ይመስለኛል።

እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው። ታንኩ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ይበላሉ። ክላሪፋየር ውስጥ፣ ውሃው ረግቶ በሚጠራበት ገንዳ፣ ተያይዘው ይሰምጣሉ። ፓምፑ ከግርጌ ወደ ታንኩ ይመልሳቸዋል። መመለሱን ማንም ኦፕሬተር አይረሳም። የሚረሳው ትርፉን መድፋቱ ነው። የበላ ይራባል። ዛሬ አንድ ኪሎ የነበረው ነገ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ካላስወጣችሁት የትም አይሄድም። እርሾም ሲበዛና ሲቆይ ሊጡን ያኮመጥጠዋል አይደል?

እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። አያኮራም።

ወጣት ነበርኩ። የምሠራበት ፋብሪካ ዝቃጭ ማድረቂያ ቦታው ሞላ። ክረምት ስለነበር አይደርቅም፤ የሚያነሳ መኪናም የለም። እኔም የማስወጫውን ቫልቭ ዘጋሁት። «ባክቴሪያ ቢበዛ ምን ይጎዳል? ብዙ ሠራተኛ ማለት ነው» አልኩ። አለቃዬም ወደደው። የመጀመሪያው ሳምንት የሚወጣው ውሃ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! በብርጭቆ ቀድቼ ለጎብኚ አሳይቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ኦክስጅኑ መውረድ ጀመረ። ብሎወር፣ ያው አየር መንፊያ ማሽን፣ ጨመርኩ። ታንኩ ላይ ወፍራም ቡናማ አረፋ ተጋገረ። ውሃ ብረጭበት አይጠፋም። ሽታውም ተለወጠ። ጤነኛ ዝቃጭ ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። የእኔው መጥፎ መጥፎ ማለት ጀመረ። እኔ ግን ያየሁትን ሁሉ በብሎወሩ አሳበብኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እሑድ ሌሊት ዝናብ ዘነበ። የጎርፍ ውሃ በማንሆሉ ገብቶ ክላሪፋየሩን ሞላው። አፍ ድረስ ቆሞ የነበረው ዝቃጭ ተነስቶ በጠርዙ ሄደ። በአንድ ሌሊት፣ በጉልበት ያጠራቀምኩት ሁሉ ቦይ ውስጥ። ጠዋት አንዲት ፍየል የምታረባ እናት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው የላካችሁብን?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እስካሁንም ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም።

እኔ ላስወጣው ያልፈለግኩት ዝቃጭ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ መንገድ ወጣ።

ስንት ማስወጣት አለብን? ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው። ታንኩ ውስጥ 2,000 ኪሎ ዝቃጭ አለ እንበል። በአማካይ 10 ቀን እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በቀን 200 ኪሎ ታስወጣላችሁ። የዝቃጭ ዕድሜ የሚባለው ይሄ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ስለሚራቡ ዕድሜው በጣም ካጠረ ታጥበው ያልቃሉ። በጣም ከረዘመ የእኔን ታሪክ ትደግሙታላችሁ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አስወጡ። ዓርብ ላይ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መድፋት አይሠራም። መጠኑን ስትቀይሩም በአንድ ቀን ከ10 እስከ 15 በመቶ አትለፉ። ውጤቱን ለማየት ታገሡ፤ ሳምንታት ይወስዳል። ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር ቫልቭ የሚነካ ሰው ካለ ግን ማጣሪያው ማንን እንደሚሰማ ይጠፋዋል።

አምስት ደቂቃ አለፈ? እስቲ ሲሊንደሮቹን እዩልኝ። ግራው እንደቆመ ነው። ቀኙ ግን እየወረደ ነው። ዝም ብላችሁ ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

ስለ ድሬ ትንሽ ልበል፤ መጽሐፎቹ የተጻፉት ብርድ አገር ነው። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በሊትር እስከ 9.1 ሚሊግራም ይይዛል። 30 ዲግሪ ላይ 7.6 ገደማ ነው። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያም ሌላ ይቀንሳል። ባክቴሪያው ግን በሙቀት ይበልጥ ይተነፍሳል። ፍላጎቱ ሲጨምር አቅርቦቱ ያንሳል። ታንኩ ውስጥ 2 ሚሊግራም አካባቢ ለመጠበቅ ብሎወሩ ቀን ሙሉ ይጮኻል፤ ትልቁ የመብራት ሒሳብም የሱ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ትርፍ ዝቃጭ ማቆየት ማለት ሥራ የማይሠራ እንግዳ ቀልቦ ማኖር ነው።

በአንድ ነገር ግን ታድለናል። ውሃችን ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት እዩት። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ 7 ግራም ያህል አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድ እንዳይሆን የሚከላከለውን፣ ይበላል። ውሃው ኖራ ያነሰበት ከተማ እዚህ ላይ ፒኤች ይወድቅበታል፤ ውሃው አሲድ ይሆንበታል። እኛን ኖራው ይደግፈናል። በርግጥ ያው ኖራ የአየር መበተኛዎቹን ቀዳዳ ይደፍናል። ድሬ እንዲህ ናት፣ በአንድ እጇ ሰጥታ በሌላው ትነጥቃለች።

ሌላም አለ። ይህች ከተማ የምትጠጣው ከእግሯ ሥር ነው። የሳቢያንን ጉድጓዶች ታውቃላችሁ። ሐረርም የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀባት በኋላ ወደ ድሬ ቆላ ጉድጓዶች ዞራለች። በከተማችን የጉድጓድ ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት ከፍ ብሎ አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ የወጣውም በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት ተብሎ ነው። ናይትሬቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከልቅ ፍሳሽ ነው። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የፈሰሰ ነገር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወደ ታች ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ስለ መዝገብ። አትቆጡኝ። አንድ ማጣሪያ ጎብኝቼ የኦክስጅን መዝገቡን አየሁ። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ቁጥሩ ይለያያል፦ 1.4፣ 2.3፣ 1.8። ከምሳ በኋላ 2.0፣ 2.0፣ 2.0፣ 2.0። አቦ፣ ይህ በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ፣ የተጻፈ ቁጥር ነው! ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ኦክስጅኑ በጣም የሚወርደው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት፣ በከባዱ ፀሐይ ነው። ካልለካችሁ ባዶውን ተዉት። ከሐሰት ቁጥር ባዶ ቦታ ይሻላል፤ ባዶው ቢያንስ ለቀጣዩ ተረኛ አይዋሽም።

አንድ ነገር ከርዕሴ ውጭ ልጨምር። ማንሆል ወይም የፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያንስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላችኋል። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሊያወጣ የገባው ሁለተኛው ሰው ነው። በጋዝ መለኪያ ሳትለኩ፣ ላይ ሰው ሳይቆም፣ ገመድ ሳታስሩ፣ አለቃ ቢያዝም አትግቡ። ቆሻሻው ነገ ይደርሳል።

ወደ ሲሊንደሮቹ። ዝቃጭ አልሰምጥ ሲል ሁለት ትልልቅ ምክንያት አለው። አንደኛው ብዛት ነው። ታክሲ ውስጥ እንደታጨቀ ሰው፣ መውረድ ቢፈልግም መውረጃ የለውም። ሁለተኛው ክር የሚመስሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እጅና እግራቸውን ዘርግተው ዝቃጩን ያንሳፍፉታል። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው። ግማሹን በንጹሕ ውሃ ስታቀጥኑት ግን ይለያሉ። የቀጠነው ቶሎ ካልቀጠነው ግማሽ በታች በጣም ከወረደ ችግሩ ብዛት ነው፤ ቫልቩን ክፈቱ። የቀጠነውም አልወርድ ካለ ክሮቹ ናቸው። ያኔ ዝም ብሎ ማስወጣት አይፈውስም። ኦክስጅን አንሶ ይሆናል። የሚገባው ፍሳሽ መንገድ ላይ በስብሶ ይሆናል። የፋብሪካ ፍሳሽ ከሆነ ደግሞ ምግቡ አልተመጣጠነም፤ ለ100 ቢኦዲ (ባክቴሪያው የሚበላው ቆሻሻ ልኬት) 5 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። ማይክሮስኮፕ ያላችሁ ገብታችሁ እዩ። የሌላችሁ ይህን ሲሊንደር ያዙ። ዋጋው አንድ ብሎወር ለአንድ ቀን ከሚበላው መብራት የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሰዓት ያዡ፣ ስንት ደረሰ? ገና ነው። እንግዲህ ሻይ እስኪቀርብ ተነሡና ዙሪያውን ቁሙ። ጠረጴዛውን አትግፉት። ሠላሳው ሲሞላ የግራውንም የቀኙንም ቁጥር አንብባችሁ ጻፉ፤ ብዛት ነው ወይስ ክር፣ እናንተ ንገሩኝ። ዝቃጩ የመጣበት ታንክ 500 ሜትር ኩብ ነው። ላብራቶሪ የሰጠኝ በሊትር 6 ግራም ዝቃጭ ነው። የምፈልገው ዕድሜ 12 ቀን ነው። ዛሬ ስንት ኪሎ ላስወጣ? ከሻዩ በኋላ ማጣሪያው ጋ ደውዬ ቫልቩን የማስከፍተው በእናንተ ቁጥር ነው።