የቀን ድራማችንን ማን ዘጋብን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰኞ ዕለት በሬዲዮ ስለ አሜሪካ የቀን ድራማዎች ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልበቃም። በአየር ላይ የመለስኳቸውንም ያልደረስኩባቸውንም እዚህ ሰብስቤያለሁ። ለማታውቁኝ፣ ለማስታወቂያ የሚሆን የቴሌቪዥን ሰዓት ስገዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ድራማ ሲነሳ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ገንዘቡ ላይ ነው።

«እናቴ ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስን ቻናል 4 ላይ ብትጠብቅ ብትጠብቅ የለም። ተሰረዘ እንዴ?» (አሌክሳንድሪያ)

አልተሰረዘም። ኤንቢሲ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2022 ፒኮክ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማሰራጫው አዛወረው፣ በቦታው ዜና አስገባ። ከ1965 ጀምሮ በነጻ ሲታይ የኖረ ድራማ አሁን ይከፈልበታል። ለእማማ ስትከፍቺላቸው በራሱ በፒኮክ አፕ ግቢ። ደውሎ «እኔ ላስገባላችሁ» ለሚል ሰው የካርድ ቁጥር አትስጪ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ እንዳትሰለቹኝ።

«ጋሼ፣ ኦል ማይ ቺልድረንን ያጠፋው አንድ ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው?» (ሲያትል)

ብራያን ፍሮንስን ማለትህ ነው። ኤቢሲ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የቀን ፕሮግራሞች ኃላፊ ነበር። ኤፕሪል 14 ቀን 2011 ኦል ማይ ቺልድረን እና ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ እንደሚዘጉ በአንድ ቀን ተነገረ። አንዱ ከ1970፣ ሌላው ከ1968 ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የአድናቂው እርግማን ሁሉ በእሱ ላይ ወረደ።

እኔ ግን ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥም ብዙ ይለወጥ ነበር ብዬ አላምንም። የቀን ድራማ በሳምንት አምስት ቀን አዲስ ክፍል ይፈልጋል። ተዋናዩ፣ ደራሲው፣ ሜካፑ፣ መብራቱ፣ ያ ሁሉ የውሸት ሳሎንና የውሸት ሆስፒታል፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ወሬ ለሚያወራ ፕሮግራም ግን አንድ ጠረጴዛና አራት አምስት ተናጋሪ ከተገኘ አለቀ። ኤቢሲም ያደረገው ይህንኑ ነው። በአንዱ ቦታ ዘ ቹ የሚባል የምግብ ፕሮግራም ገባ፣ እሱ እስከ 2018 ቆየ። በሌላው ቦታ ዘ ሬቮሉሽን የሚባል ስለ ክብደት መቀነስና ስለ አለባበስ የሚያወራ ገባ፣ እሱ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2012 ተዘጋ። ፍሮንስ ራሱም ያኔ ወንበሩን ለቆ ነበር። መራገም ከፈለጋችሁ ተራገሙ፣ አይከፈልበትም። ግን መጀመሪያ ማስታወቂያውን ተመልከቱ።

«ጋይዲንግ ላይት ስንት ዓመት ቆየ? ውርርድ ይዘናል።» (ዳላስ)

72 ዓመት። በ1937 በሬዲዮ ጀምሮ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2009 በሲቢኤስ አበቃ። ገንዘቡን ተቀበል።

«እኔና የምንከባከባቸው አሮጊት በየቀኑ እናያለን። እንደኛ ያለ ሰው ብዙ ነው። ታዲያ ለምን ተመልካች የለም ይላሉ?» (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ለአሮጊቷ ብዙም አይከፈልም። ነገሩ ይኸው ነው። ማስታወቂያ ገዢው በቀን ድራማ ላይ በዋናነት የሚከፍለው ከ18 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ሰማንያ ዓመት የሆናቸው እናት ቀኑን ሙሉ ቢያዩም ሒሳቡን ከፍ አያደርጉትም። እነዚህን ድራማዎች ያቋቋማቸው የሳሙና ገንዘብ ነው። ጋይዲንግ ላይትን ለረጅም ዘመን ያዘጋጀው የሳሙና አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነበር፣ ምክንያቱም ሳሙና የምትገዛው የቤት እመቤት ቀን ቀን ቤት ትውል ነበር። ከዚያ ሴቶች ሥራ ገቡ። ኬብል መጣ። በ1995 ደግሞ በነፍስ ግድያ የተከሰሰው የታዋቂው ስፖርተኛ የኦጄ ሲምፕሰን ችሎት ድራማዎቹን ለወራት እያቋረጠ ሲተላለፍ ሰዉ ሌላ ነገር ማየት ለመደ፣ ብዙውም አልተመለሰም። ከዚያ ስልኩ መጣ። የቀረውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

«የማስታምማቸው ሴትዮ ድራማቸው ከጠፋባቸው ወዲህ ምግብ አልበላም ይላሉ።» (ሚኒያፖሊስ)

ይህ የቴሌቪዥን ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ለነርሷና ለልጆቻቸው ዛሬውኑ ደውይ።

«ፊርማ ብናሰባስብስ?» (አትላንታ)

አሰባስቡ፣ ክፋት የለውም። በ2011 ሁቨር፣ የቫኩም ማጽጃው ድርጅት፣ በውሳኔው ተቆጥቶ ከኤቢሲ ማስታወቂያውን አንስቷል። ማስታወቂያ ከፋይ አኩርፎም ኤቢሲ ንቅንቅ አላለም። ቆይቶ ፕሮስፔክት ፓርክ የሚባል ድርጅት ኦል ማይ ቺልድረንንና ዋን ላይፍ ቱ ሊቭን በፈቃድ ወስዶ ኤፕሪል 29 ቀን 2013 በኢንተርኔት አስጀመራቸው። በዚያው ዓመት ቆሙ። ከኤቢሲ ጋርም ፍርድ ቤት ተካሰሱ። እና ፊርማ ፈርሙ፣ ግን «ድራማችንን እናድን» ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ካገኛችሁ ኪሳችሁን ዝጉ። የካርድ ቁጥር አትስጡ። አልኩ አይደል?

«ጋሼ፣ እንዳትስቁብኝ። ድሮ የማየው ድራማ ላይ የሚሠራ ተዋናይ በፌስቡክ ይጽፍልኛል። ድራማው ስለተሰረዘ ደሞዙ ቆሟል። በጊፍት ካርድ ሁለት ጊዜ ረድቼዋለሁ። ቪዲዮም ልኮልኛል፣ ስሜን ጠርቶ ነው የሚያወራው። አሁን ለጠበቃ ትንሽ ጨምሪልኝ ይላል።» (ላስ ቬጋስ)

አልስቅም። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ። ሌሎቻችሁም ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙኝ፣ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ነው የሚመጣልኝ።

ሌባው ድራማ ሲዘጋ ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም የተዘጋ ድራማ ጥሩ ሰበብ ነው። ተዋናዩን ትወጂዋለሽ፣ ሥራ ማጣቱን በዜና ሰምተሻል፣ ስለዚህ ችግሩን ሲነግርሽ ልብሽ ቶሎ ይራራል። አካሄዳቸውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ከጻፍሽው አስተያየት ሥር ገብቶ ያመሰግንሻል። ቀጥሎ «እዚህ ሰው ይበዛል፣ ዋትሳፕ ላይ እናውራ» ይላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና አደርሽ ደህና አመሸሽ ነው። ከዚያ ካርድ ገዝተሽ ጀርባውን ፍቀሽ ቁጥሩን በፎቶ ላኪልኝ ይላል። ያ ቁጥር ከተላከ በኋላ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ አይደለም፣ ሌላ ሰው እጅ ነው። የቸገረው ተዋናይ የሚደውለው ለኤጀንቱ ነው እንጂ ላስ ቬጋስ ለምትኖር አበሻ አይደለም።

ቪዲዮውን አየሁት ትያለሽ። ዛሬ ፊትም ድምፅም በኮምፒውተር ይሠራል። በ2025 በዜና የወጣ አንድ ጉዳይ አለ። ጄኔራል ሆስፒታል በሚባለው የቀን ድራማ ላይ የሚሠራውን ተዋናይ የስቲቭ በርተንን ፊትና ድምፅ አስመስለው ሠርተው አንዲት የሎስ አንጀለስ ሴት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ አስላኩ፣ መኖሪያዋን እስከ መሸጥ አደረሷት። ተዋናዩ ምንም አያውቅም። ገንዘብ ከማንም እንደማይጠይቅም ተናግሯል።

አሁን የምታደርጊው ይህን ነው። ካርዱንና ደረሰኙን አትጣይ። ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደውለሽ ተጭበርብሬያለሁ በይ፣ የቀረ ገንዘብ ካለ ሊያግዱት ይችላሉ። ለባንክሽ ንገሪ። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለፖሊስ አመልክቺ። መልእክቶቹን ከማጥፋትሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ከዚያ ዝጊው፣ «ለምን ዋሸኸኝ» ብለሽ አትከራከሪው፣ የተከራከረ ሰው መልሶ ይላላል። ደግሞ ከሳምንት በኋላ «ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ፣ ትንሽ ክፈይኝ» የሚል ይመጣል። እሱም ሌባ ነው፣ ምናልባትም ያው ሰውዬ። እፍረቱን ተዪው። ለልጆችሽ ንገሪ። ባትነግሪያቸው ነው የሚጎዳሽ፣ ሌባውም የሚተማመነው በዝምታሽ ነው።

«የቃና የቱርክ ድራማዎችም ተሰርዘው ነው የሚያልቁት?» (ዱባይ)

አንዳንዶቹ አዎ። ቱርክ ውስጥ ተመልካች ካጣ በወቅቱ መሀል ቶሎ ይዘጋል፣ መጨረሻው ጥድፊያ የበዛበትም ለዚህ ይሆናል። ብዙዎቹ ግን ቀድሞውንም እንዲያልቁ ተብለው የተጻፉ ናቸው። የአሜሪካው የቀን ድራማ ማለቂያ እንዲኖረው ተብሎ አይጻፍም።

«አዲስ የቀን ድራማ ከእንግዲህ አይሠራም ማለት ነው?» (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ተሠርቷል እኮ፣ እናንተው ሰፈር። ቢዮንድ ዘ ጌትስ ይባላል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 በሲቢኤስ ጀመረ። ታሪኩ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ባለ በአጥር የተከለለ ሰፈር የሚኖር የጥቁር ሀብታም ቤተሰብ ነው። ቀረጻው ግን አትላንታ ስለሆነ ተዋናይ ለማየት ብላችሁ በመኪና አትዙሩ። የገባው ዘ ቶክ በሚባል የወሬ ፕሮግራም ቦታ ነው። ዘ ቶክ ደግሞ በ2010 የመጣው አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ የሚባለው የቀን ድራማ ሲዘጋ ነበር። ድራማ አባሮ የገባ የወሬ ፕሮግራም በድራማ ሲባረር ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

«ባለቤቴ በድራማው ሰዓት ኳስ ካየሁ ታኮርፋለች። ምን ይሻለኛል?» (ዴንቨር)

ወንድሜ፣ ይህ የሽማግሌ ሥራ ነው። ሽማግሌ እስኪገኝ ሪሞቱን ስጣት።