ተማሪው አፉን የሚከፍትበት ክፍለ ጊዜ

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን፣ የተከበራችሁ ርእሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፤

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት በቀሩበት፣ የጦሳ ራስ ገና ከጉም ባልተላቀቀበት በዚህ ጠዋት ጥሪውን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ፣ በተለይም ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ የሐረጎን ዳገት በዝናብ ለወጣችሁት፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ብዙ ነገር አልናገርም። የምናገረው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪው ምን ያህል እንደሚናገርና እንዲናገር ምን ልናደርግ እንደምንችል ብቻ ነው።

በቀላል ሒሳብ ልጀምር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ተማሪው 60 ነው እንበል፤ ብዙዎቻችሁ ከዚህም በላይ እንደምታስተምሩ አውቃለሁ። መምህሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳይጠርግ ጊዜውን በሙሉ ለተማሪዎቹ ቢያካፍል እንኳ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 40 ሰከንድ ነው። እኛ ግን እናብራራለን፣ እንጽፋለን፣ እንቆጣለን፤ የቀረችውንም ጊዜ ከፊት የተቀመጡት አራት አምስት ልጆች ይወስዷታል። ከኋላ ዴስክ ያለው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሳይወጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይኸው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም፣ ጂኦግራፊውንም በዚያው ባልተናገረው ቋንቋ እንዲማር እንጠብቅበታለን።

አሁን ሒሳቡን እንለውጠው። ከ40ው ደቂቃ 10ሩን ብቻ ወስደን ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገን ብናነጋግራቸው እያንዳንዱ ልጅ 5 ደቂቃ ይናገራል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ርእሰ መምህሩም በመስኮት ብቅ ብሎ ምን እንደተፈጠረ ሊጠይቅ ይችላል። ርእሳነ መምህራን እዚህ ስላላችሁ አደራ የምላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የሚሰማን ጫጫታ የመምህሩ ድክመት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት ነው።

የቡድን ሥራ አዲስ ነገር አይደለም የሚል ካለ እውነቱን ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎችን በሚመራበት በ1 ለ 5 አደረጃጀት ያላለፈ ትምህርት ቤት በአካባቢያችን የለም። ነገር ግን በዚያ አደረጃጀት ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ይህ የሆነው ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን ሥራው እንዲነጋገሩ ስለማያስገድዳቸው ነው። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ላይ ተዘርግቶላቸው ሳለ ምን ብለው ይጠያየቃሉ? ስለዚህ አንዱ ያለው መረጃ ለሌላው እንዳይኖረው ማድረግ አለብን። ለምሳሌ «ሀ» የሚል ካርድ የያዘችው ተማሪ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐይቅና ወደ ኩታበር የሚሄዱ መኪኖች የሚነሡበትን ሰዓት ታውቃለች፤ ታሪፉን ግን አታውቅም። «ለ» የሚለውን የያዘው ታሪፉን ያውቃል፣ ሰዓቱን አያውቅም። ካርድ መተያየት ክልክል ነው። ሠንጠረዡን ለመሙላት መጠየቅና መመለስ የግድ ይሆናል። እግረ መንገዳቸውንም አንድ ትልቅ ነገር ይማራሉ፤ እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ኤይት ኦክሎክ» እንደሚለው ሲገባቸው፣ ቋንቋ መማር ቃል መተካት ብቻ እንዳልሆነ በገዛ እጃቸው ይደርሱበታል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ከአሮጌ ካርቶን የተቆረጠ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

ይህ አሠራር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ካለ የራሳችንን ጓሮ እንዲመለከት እጋብዘዋለሁ። ግእዝ ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ሆኖም ስሙ ከቅኔ ጋራ በሚነሣው በዋድላ የቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግሱን አጥንቶ ዝም አይልም፤ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያቃናለታል። ማንም እንዲህ ብሎ ያልተናገረውን አዲስ ነገር፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ከራሱ አፍልቆ እንዲናገር ነው የሚጠየቀው። በቁርኣን ቤትም ሉሑን፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳውን፣ በጉልበቱ ላይ ያደረገው ሕፃን ፊደሉን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ቀድሞት ከተማረው ደረሳ ነው፤ አንዱ ሌላውን እያስተማረ ሁለቱም ያውቃሉ። ወሎ በሁለቱም ወገን ይህን ሲሠራበት ኖሯል። የጥንድ ሥራን ስናስተዋውቅ ተማሪው ቤቱ የሚያውቀውን ነገር እያስታወስነው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መታገሥ ነው። ኮምቦልቻ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አንድ ቀን ትናንት ምን እንዳደረገች በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። ብድግ አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። «ተቀመጪ» ብዬ ወደ ቀጣዩ ልጅ አለፍሁ። ደወል ተደውሎ ሰሌዳውን ስጠርግ ከኋላዬ መጥታ ቆመችና «ቲቸር፣ የስተርደይ አይ ሄልፕድ ማይ ማዘር ኢን ዘ ማርኬት» አለችኝ። አንድም ስሕተት የለበትም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ዓረፍተ ነገሩን እየገጣጠመች ነበር፤ የነፈግኋት ጥቂት ሰከንድ ነው። እስከ ዛሬ ጠመኔ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ለክታዋለች። መምህራኑ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ይጠብቁ ነበር። ጥበቃው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይመልሱ የሚቀሩትም ቀነሱ። ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ ልጆች የሚመልሱት ባደጉበት ቋንቋ ነበር። የእኛ ልጅ ሐሳቡን በአማርኛ አስቦ፣ ቃሉን ፈልጎ፣ መጨረሻ ላይ የለመደውን ግስ ወደ መካከል አምጥቶ ነው የሚናገረው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን በሚሰጠው ትምህርት፣ ያስተማርን ሰዎች የቴሌቪዥኑ መምህር ጠይቆ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ መልሱን ራሱ ሲሰጥ ልጆቻችን ምን እንደሚሆኑ አይተናል። በሰው መምህር ፊት ያ ሊደገም አይገባም። ጠይቁ፣ በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ፣ ከዚያ ስም ጥሩ። ስሙን አስቀድማችሁ ከጠራችሁ ግን 59ኙ ማሰብ ያቆማሉ።

ስለ እርማት ባጭሩ ልናገር። ተማሪው «ሺ ጎ ቱ ማርኬት» ሲል እኛ «የስ፣ ሺ ጎዝ» ብለን አስተካክለን እንቀጥላለን። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በካናዳ የፈረንሳይኛ ክፍሎች መምህራን ይህን ስልት ከሁሉ አብልጠው ቢጠቀሙበትም ተማሪዎቹ ራሳቸውን እንዲያርሙ በማድረግ ረገድ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ልጁ መምህሩ የተስማማለት ይመስለዋል። ይልቁንም «ሺ...?» ብላችሁ ቆም በሉ፤ ቀሪውን እሱ ይሙላው። «ስኩል» ለማለት «እስኩል» የሚለውን ልጅ ደግሞ እባካችሁ አትሳቁበት። አማርኛ በቃል መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢ ማጋጠም ስለማይወድ አንደበቱ «እ»ን ይጨምራል። «ስስስ» እያለ አስረዝሞ ወደ «ኩል» እንዲሻገር አድርጉት፤ ሦስት አራት ጊዜ ከሞከረ ይይዘዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ በአንዳንድ ቦታ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ሕፃን መቀጣቱ ነው። ልጅ በእናቱ ቋንቋ እንዲያፍር አድርገን የሌላ ቋንቋ ፍቅር ልናሳድርበት አንችልም። ከጥንድ ሥራው በፊት 1 ደቂቃ ሐሳባቸውን በአማርኛ ይመካከሩ፤ የሚናገሩት ነገር ሲኖራቸው እንግሊዝኛው ይከተላል። አስቸጋሪ ቃልም በአንድ የአማርኛ ቃል ተፈትቶ ቢያልቅ ያተረፍነውን ጊዜ ለልምምድ እንሰጠዋለን።

በየጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ዓይነት ካርድ ተቀምጧል። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የመኪና ሠንጠረዥ ነው። በግራ ያላችሁ «ሀ»ን፣ በቀኝ ያላችሁ «ለ»ን አንሡ፤ ለጎረቤታችሁ አታሳዩ። የተሰጣችሁ 10 ደቂቃ ነው፤ ሱፐርቫይዘሮችም አብራችሁ ሥሩ። መጀመር ትችላላችሁ።