«ሜይቤሊን»፦ ከገጠር ቫዮሊን የተነሳው ሮክ ኤንድ ሮል

[ድምፅ፦ ፈጣን የገጠር ቫዮሊን]

ይሄን ቫዮሊን ልብ ብላችሁ ስሙት። «አይዳ ሬድ» ይባላል። ደራሲው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በአሜሪካ ገጠር ሲጨፈርበት የኖረ የሕዝብ ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ቦብ ዊልስ ከባንዱ ከቴክሳስ ፕሌይቦይስ ጋር በሸክላ አስቀረጸው።

[ድምፅ፦ የኤሌክትሪክ ጊታር]

አሁን ደግሞ ይሄን። 1955፣ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ቸክ ቤሪ፣ «ሜይቤሊን»። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይጋልባል። ከሥር ያለውን ምት ለይታችሁ አዳምጡት። የገጠሩ ጭፈራ እዚያው ነው! ፎልክ፣ ካንትሪ፣ ሮክ ኤንድ ሮል እያልን የምንለያያቸው ዘፈኖች እዚህ ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ ላይ ይጨፍራሉ። ዘፈኑን የምወደውም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የሴንት ሉዊስ ከተማና ወንዙ]

ቸክ ቤሪ የሴንት ሉዊስ ልጅ ነው። በ1952 ማብቂያ ላይ የፒያኒስቱን የጆኒ ጆንሰንን ባንድ ተቀላቀለ። የሚጫወቱት ከወንዙ ማዶ፣ ኢስት ሴንት ሉዊስ፣ ኮስሞፖሊታን በሚባል ክለብ ነበር። ታዳሚው ጥቁር ነው፤ የለመደው ብሉዝ ነው። ቤሪ ግን መሃል ላይ የነጭ ገበሬዎችን ካንትሪ ጣል ያደርጋል። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀበት። ቆይቶ «ያንን ድገምልን» አለ፤ ተነስቶም ጨፈረበት። ወሬው ሲዛመት ነጮችም መምጣት ጀመሩ። ሰው በቀለም ተለያይቶ በሚኖርበት ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

[ምስል፦ ቺካጎ]

በ1955 ቤሪ ቺካጎ ሄደ። የብሉዙ ንጉሥ መዲ ዋተርስ «ሊዮናርድ ቼስን አግኘው» አለው። ቼስ ሸክላ ከሚያሳትመው ከቼስ ሬከርድስ ባለቤቶች አንዱ ነበር። ቤሪ ተስፋ የጣለው ይዞት በሄደው ብሉዝ ላይ ነበር። የቼስን ጆሮ የያዘው ግን ያ ከ«አይዳ ሬድ» የተነሳው ዘፈን ሆነ። ስሙ «ሜይቤሊን» ተብሎ ተቀየረ፣ ግንቦት ላይ ተቀረጸ።

ቤሪ የሠራው ሥራ የእኛ አዝማሪ በቆየ ዜማ ላይ የራሱን ግጥም እንደሚያወርደው ነው። ግጥሙም ምን ያለ ግጥም! ሰውዬው ፎርዱን እየነዳ ፍቅረኛውን ሜይቤሊንን ካዲላክ ውስጥ ያያታል። ይከተላታል። ፎርዱ ይግላል። በቃ አለቀለት ስንል ዝናብ ይወርድና ሞተሩን ያበርድለታል፤ ኮረብታው አናት ላይ ይደርስባታል። ፊልም ነው እኮ! ቃላቱ ራሳቸው እንደ መኪና ይፈጥናሉ። የዚያን ጊዜ ወጣት ደግሞ ልቡ መኪና ላይ ነበር።

ዘፈኑ በሙዚቃ መጽሔቱ በቢልቦርድ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በፖፑ ደግሞ አምስተኛ።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። በደራሲነት የተመዘገበው ቤሪ ብቻውን አልነበረም። ገናናው የሬዲዮ ዲጄ አላን ፍሪድና ራስ ፍራቶ የተባለ ሰውም ስማቸው ገባ። ለዲጄው ድርሻ መስጠት ዘፈኑ በሬዲዮ እንዲደጋገም የሚከፈል ዋጋ ነበር። ቤሪ ሙሉ መብቱን ያስመለሰው በ1986 ነው። ከ30 ዓመት በኋላ!

[ምስል፦ ሸክላው ሲገለበጥ]

ያ ተስፋ የጣለበት ብሉዝም አልቀረም። «ዊ ዊ አወርስ» ይባላል፤ በሸክላው ጀርባ አለ። ቀስ ያለ፣ የሌሊት ዘፈን ነው። ገልብጡትና የጆኒ ጆንሰንን ፒያኖ ስሙ።