ታካሚው ተኝቷል፣ ነርቮቹ ግን ያወራሉ

(ምስል፦ በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ የተኛ ሰው። አጠገቡ ሞገዶች የሚታዩበት ስክሪን።)

አንገቱን ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው "ዶክተር፣ እጄ ደነዘዘ" ማለት አይችልም። ተኝቷላ።

ህብለ ሰረሰር አንገት ላይ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ነው። አንጎል ለእጅና ለእግር የሚያዘው፣ እጅና እግርም የሚሰማቸው ሁሉ በዚያች ቀጭን መንገድ ያልፋል። ሐኪሙ የሚሠራው ደግሞ እዚያው አጠገቧ ነው።

ድሮ ምን ይደረግ ነበር? ታካሚውን መሃል ላይ መቀስቀስ! እ.ኤ.አ. በ1973 የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህንን ዘዴ ለጀርባ አጥንት ቀዶ ጥገና አስተዋወቁ። ማደንዘዣው ይቀንስና "እግርህን አንቀሳቅስ" ይባላል። ካንቀሳቀሰ መልሰው ያስተኙታል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ግን ምንም ዋስትና የለም።

(ምስል፦ ከእጅ አንጓ ወደ ራስ የሚሄድ የብርሃን መስመር።)

ዛሬ ነርቮቹ ራሳቸው ይጠየቃሉ። የእጅ አንጓና ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል፤ መልሱ ራስ ላይ ይለካል። መልሱ በጣም ደካማ ስለሆነ ብዙ መቶ ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ስለዚህ ወሬው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የሞገዱ ቁመት በግማሽ ከወረደ ወይም መልሱ በ10 በመቶ ከዘገየ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህ የስሜትን መንገድ ብቻ ነው የሚፈትሸው። ለእንቅስቃሴው መንገድ ምቱ ራስ ላይ ይሰጥና የእጅና የእግር ጡንቻ ምላሽ ይታያል። ሰውየው ስለሚወራጭ ሐኪሙ ለአፍታ እጁን ያነሳል። ምላሱን እንዳይነክስም ጥርሶቹ መሃል ለስላሳ ነገር ይደረጋል። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ከተሰጠ ግን ጡንቻው ዝም ይላል፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ይህንን ከመጀመሪያው ካላሰበበት ማሽኑ ጌጥ ነው።

(ምስል፦ ድንገት የሚያንስ ሞገድ።)

አሁን ሞገዱ ወረደ እንበል። ሁሉም ሰው ቢላውን ነው የሚጠረጥረው። ግን ሽቦ ወልቆ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት ወርዶም ሊሆን ይችላል። የአንድ እጅ ብቻ ከጠፋ፣ ትከሻው በፕላስተር በጣም ወደ ታች ተጎትቶ ይሆናል። አራቱም አብረው ከደከሙ ማደንዘዣው መታየት አለበት። የሁለቱም እግር ጠፍቶ የፊት ጡንቻ ምላሽ ደህና ከሆነ ግን ነገሩ ህብለ ሰረሰር ጋ ነው፤ ያስፈራል።

ያኔ ሥራው ይቆማል። የደም ግፊት ከፍ ይደረጋል። መጨረሻ የተሠራው ይፈታል፦ አጥንት ከገባ ይወጣል፣ አንገት ከተለጠጠ ይላላል። ብዙ ጊዜ ሞገዱ ይመለሳል። አንገቱ አልጋው ላይ ለቀዶ ጥገናው ከመመቻቸቱ በፊት የመነሻ ልኬት ካልተወሰደ ግን "ተመለሰ" ለማለትም ማነጻጸሪያ የለም። ለዚያ ልኬት የምትሰጠው ደቂቃ የምትናቅ አይደለችም።

ማሽኑ ሁሉንም ችግር አይይዝም ደግሞ። ትከሻን የሚያነሳው አምስተኛው የአንገት ነርቭ አንዳንዴ ከቀዶ ጥገናው ቀናት በኋላ ይደክማል፤ ያኔ ማሽኑ ተነቅሏል።

(ምስል፦ ዓይኑን የሚገልጥ ታካሚ።)

ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ቢሆን እንኳ፣ ሰውየው ሲነቃ መጀመሪያ የሚባለው ያው የድሮው ነው፦ "እጄን ጨብጥ። እግርህን አንቀሳቅስ።"