ዕጣና ድምፅ፦ አባት የሚመረጠው በየትኛው ነው?

ሂሩት፦ የዛሬው ጉዳያችን ምርጫ ነው፤ ፓርቲና የምርጫ ካርድ ግን የለበትም። በ2004 ዓ.ም. ሁለት እህትማማች አብያተ ክርስቲያናት፣ የግብፅ ኮፕቲክና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ፣ በወራት ልዩነት አባቶቻቸውን አጡ። መጋቢት ላይ በካይሮ ፖፕ ሺኖዳ ሣልሳዊ፣ ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ አቡነ ጳውሎስ ዐረፉ። ሁለቱም መንበሮች በ2005 ዓ.ም. ባለቤት አገኙ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነበር።

ደረጀ፦ የካይሮውን አስቀድሚ። እኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ሂሩት፦ መራጮቹ 2,400 ገደማ ነበሩ። ከአምስት ዕጩዎች ሦስቱን ለዩና የእነርሱ ድርሻ እዚያ ላይ አበቃ። ጥቅምት 25 ቀን በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል የሦስቱ ስም በብርጭቆ ጽዋ ታሽጎ ተቀመጠ፤ ተቀደሰ። ከቅዳሴው በኋላ ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ ሕፃን እጁን ሰድዶ አንዱን አወጣ። ዕጣው ለአቡነ ታዋድሮስ ወጣ፤ 118ኛው ፖፕ ሆኑ።

ደረጀ፦ በድምፅ አንደኛ የወጡት ግን እሳቸው አልነበሩም።

ሂሩት፦ አልነበሩም። አቡነ ሩፋኤል ነበሩ።

ደረጀ፦ እንግዲህ የማይዋጥልኝ ይህ ነው። መራጩ ያስቀደመውን ሰው የአንድ ሕፃን እጅ የሚያስቀረው ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ድምፅ መስጠቱ ለምን አስፈለገ?

ሂሩት፦ ድምፁ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነዋ! መራጩ «ሦስቱም ይበቃሉ፤ ማንኛቸውም ቢመጡ አባት እንላቸዋለን» ብሎ ነው የሚፈርመው። ከሦስቱ ማን የሚለው ለእግዚአብሔር የተተወ ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ሰው ሲተኩም እንዲሁ አደረጉ። ዮሴፍንና ማትያስን ራሳቸው አቆሙ፤ ጸለዩ፤ ዕጣ ጣሉ። ደግሞ ጥቅሙን አስበው፤ በዕጣ የገባ ሰው «እኔ ባልቀሰቅስልህ ኖሮ» የሚለው ባለውለታ የለበትም።

ደረጀ፦ ጽዋው ውስጥ ለመግባትስ? ዕጩዎቹ መጀመሪያ 17 ነበሩ፤ ወደ አምስት ያወረዳቸው ኮሚቴ ነው። ከዚያም ከሚሊዮኖች ምዕመናን ውስጥ መራጭ የሆነው 2,400 ገደማ ሰው ብቻ ነው። ዋናው ሥራ ያለቀው ሕፃኑ ከቤቱ ሳይወጣ ነው! ሽኩቻ፣ ዝምድና፣ ወገንተኝነት ካለ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው፤ ዕጣው ደግሞ እዚያ አይደርስም።

ሂሩት፦ በዚህስ አልከራከርህም። ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የካቲት 21 ቀን 2005 ዓ.ም. አምስት ሊቃነ ጳጳሳት ቀረቡ፤ ከ806 ድምፅ 500ውን ያገኙት በኢየሩሳሌም ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ማትያስ ስድስተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። ዕጣ የለም፤ ቆጠራ ብቻ። ስማቸው ግን በዕጣ የተመረጠው ሐዋርያ ስም መሆኑ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ደረጀ፦ ቁጥሩ ግልጽ ነው፤ ሁሉንም ግን አላግባባም። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ያኔ በአሜሪካ በስደት ላይ ነበሩ። «አባት እያለ ምን ምርጫ ነው?» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ያ ቁስል የተጠገነው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በአገር ቤቱና በስደቱ ሲኖዶሶች ዕርቅ ነው። ዕጣም ቢሆን ያንን አይፈታውም ነበር።

ሂሩት፦ አይፈታውም። ዕጣ የሚሠራው ሁሉም በአንድ ጽዋ ሲስማሙ ነው። እቁብን ተመልከት። ዳኛውንና ጸሐፊውን አባላቱ ተመካክረው ይመርጣሉ፤ ገንዘቡ ግን በዕጣ ይወጣል። የጥንቶቹ አቴናውያንም እንዲህ ነበሩ። የ500ውን ሸንጎ ከየነገዱ 50፣ 50 እያደረጉ ዕድሜያቸው 30 ከሞላ ዜጎች በዕጣ ያወጡ ነበር። ዐሥሩን የጦር አዛዦች ግን በየዓመቱ እጅ እያወጡ መረጧቸው።

ደረጀ፦ ጦር መምራት የማይችል ሰው በዕጣ ቢወጣ ከተማው ይጠፋላ! ዳኛውን በዕጣ የሚሾም እቁብ ካለም ገንዘቤን አልሰጥም።

ሂሩት፦ እኔ ደግሞ ማን ቀድሞ ይውሰድ በሚለው ላይ ድምፅ የሚሰጥ እቁብ ውስጥ አልገባም። በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል።

ደረጀ፦ ታዲያ ፓትርያርክነት እንደ ዳኝነቱ ነው ወይስ እንደ ገንዘቡ ተራ?

ሂሩት፦ የካይሮዎቹ መልስ «ሁለቱም» የሚል ይመስለኛል። መብቃቱን ሰው ይመሰክራል፤ ሦስት የበቁ ከተገኙ የሚቀረው ተራ ነው።

ደረጀ፦ አስመራጭ ኮሚቴው ውስጥ እነማን እንደተቀመጡና በምን እንደተሰየሙ አስቀድመሽ ካሳየሽኝ፣ ለዕጣው እኔም እፈርማለሁ።